ሦስት ዓመት ከአራት ቀን

ብርዱ ቀድሞ ገባ፣ ሰውየው ተከተለ፤
የቦቲውን በረዶ ምንጣፉ ላይ አራግፎ፣ መስኮቴ ፊት ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ዝም አለ።
ሉሲየን ዌሌት ነው፣ የሎብስተር አጥማጅ፤
በዚህች በሜይን ወደብ ሃያ ዓመት ያወቅሁት፣ የወንድሜ ወዳጅ።
«ስም?» አልኩት፣ አፍሬ።
«ቨርና፣ ምን ነካሽ? ስሜ ጠፋሽ ዛሬ?»

ደንቡ እንዲህ ይላል፦
ሦስት ዓመት ሐኪም ሳያይ የከረመ ሰው
ተመልሶ ሲመጣ፣ አዲስ ታካሚ ነው።
አዲስ ፎርም፣ አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ዋጋ፤
ያው አሮጌ ጉልበት፣ ያው አሮጌ ሥጋ።

ቀኑን በጣቴ ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።
ሦስት ዓመት ከአራት ቀን።
«ዐርብ መጥተህ ቢሆን ነባር ነበርክ፤ ዋጋውም ይቀልህ ነበር» አልኩት፣
ደንቡን እኔ ያወጣሁት ይመስል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።
«ዐርብ ማዕበል ነበር» አለ።
የባሕር ሰው ነው፤ ከዚህ በላይ አያብራራም። ሰባት ገጽ ወረቀት ዘረጋሁለት፣ ተቀበለ።

ከጌጥ ዓሦቹ ገንዳ አጠገብ ተቀመጠ፤
ዓሦቹን በንቀት አንድ ጊዜ ገላመጠ፤
መነጽሩን ረስቶ፣ ወረቀቱን ከክንዱ ጫፍ አርቆ፣
ብዕሩን በሁለት ጣት ይዞ እንደ መንጠቆ፣
መጻፍ ጀመረ።

እስኪጨርስ ድረስ አሮጌውን ማኅደር ገለጥኩት።
የእሱ እጅ አይደለም። የሚስቱ ነው፣ የኮሪን፤
ክብ ክብ ፊደል፣ ወደ ግራ የሚያዘነብል፤
ከገጹ ዳር ደግሞ፣ በእርሳስ፣ እንዲህ የሚል፦
«አያመኝም ይላል። አትመኑት። ያመዋል።»

አራተኛው ገጽ ላይ ብዕሩ ቆመ።
በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው፤
አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ከንፈሩን ገጠመ።
«ባዶ ይሁን?» አለ።
«ባዶ አይቀበልም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ቀይ ኮከብ ያወጣል።
ቀብሯ ላይ እኮ ነበርኩ። ሳንድዊቹን የቆረስኩት እኔ ነኝ።
«ቨርና» ብሎ ጻፈ፤ «ከመስኮቱ ጀርባ»።
ዝምድና? ይላል ኮምፒውተሩ፤ ሚስት፣ ልጅ፣ ወንድም፣ ሌላ።
«ሌላ»ን መረጥኩ፤ ስሜ ከስሙ ሥር ገባ።

ሒሳቡ ላይ ስንደርስ እሱው አነሳው፦
ሠላሳ ስምንት ዶላር፣ የኮሪን ውዝፍ፣ የመጨረሻው ምርመራዋ።
«እሱ ተሰርዟል» አልኩት፤ «አምና በጥር እኔው ሰረዝኩት።»
ምሕረት መስሎኝ ነበር።
«አንቺ ነሽ?» አለ። «እኔ እኮ ፖስተኛውን ነው የወቀስኩት።

ስልኳ ተዘጋ። ባንኩ ተዘጋ። የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ እንኳ።
የእናንተ ፖስታ ብቻ በወር በወሩ መጥቶ
‹ክብርት ወይዘሮ ኮሪን ዌሌት› ይላት ነበር።
ብከፍል ይቋረጣል ብዬ ነው ያልከፈልኩት፤
ብመጣ ታስከፍሉኛላችሁ ብዬ ነው የቀረሁት።»

የተሰረዘ ዕዳ ለመመለስ ሦስት ቁልፍ መጫን ይበቃል። አላውቅም ነበር።
ሠላሳ ዶላር ቆጠረ፣ እርጥብ፣ ናፍጣ የሚሸት።
«ስምንቱስ?» አልኩት።
«ስምንቱ ይቆይ» አለ፤
ማንም ሳይመራው፣ እንደ ነባር ሰው፣ ወደ ሐኪሙ ክፍል ገባ፣ እንደ ቤት።

በአዲሱ ማኅደር ዳር፣ በእርሳስ፣ በእኔ እጅ ጻፍኩ፦
አያመኝም ይላል። አትመኑት።

አሁን ወር በገባ ማግስት ፖስታ እልካለሁ፤
ስምንት ዶላር፣ በስሟ።
በሦስተኛው ቀን ስልክ ይጮኻል።
«ደረሰኝ» ይላል።
ይዘጋል።